ስታርትአፕ ወይስ ትልቅ ድርጅት? ከመፈረምህ በፊት
ደመወዙን ለጊዜው ተወውና ስታርትአፑን (ገና የተቋቋመውን አዲስ ኩባንያ) አንድ ነገር ጠይቅ፦ "በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ለስንት ወር ይበቃል?" ለሥራው ቃለ መጠይቅ የሚያደርግልህ ሰው ከተንተባተበ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

አክሲዮን እንሰጥሃለን ካሉህ ቶሎ አትደሰት። የተለመደው አሠራር በ4 ዓመት ከፋፍሎ መስጠት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 1 ዓመት ሳይሞላህ ከወጣህ፣ በ11ኛው ወር እንኳ ቢሆን፣ ባዶ እጅህን ነው የምትሄደው። ድርሻህ ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነም ጠይቅ፤ "10,000 አክሲዮን" ብቻውን ምንም አይነግርህም። እኔማ ወረቀት ላይ ያለን አክሲዮን እንደ ዜሮ ነው የምቆጥረው።

ትልቅ ድርጅት ከሆነ ስሙን ሳይሆን የቅርብ አለቃህን እይ። ገና ጀማሪ ከሆንክና ሥራህን ቁጭ ብሎ የሚያርምልህ ሰው ካለ፣ እዚያ ግባ። ማንም ሳያዝህ ሥራ ፈልገህ የምትሠራ ዓይነት ከሆንክ ግን ስታርትአፑ ይሻልሃል፤ ብቻ የጥቂት ወራት ወጪህን ቀድመህ አስቀምጥ።