አኒሜ ከላፕቶፕ ወደ ስልክ፣ ያለ ፍላሽ

ደብረ ማርቆስ፣ እኛ ቤት፣ ፍላሽ እንደ ቡና ሲኒ ከእጅ እጅ ይዞር ነበር። ታናሽ ወንድሜ ላፕቶፕ ላይ የጀመረውን አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ስልኩ ላይ ለመጨረስ ቁጭ ብሎ ኮፒ ያደርጋል። አሁን ጄሊፊን (Jellyfin) የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ጭነን ተገላገልን።

ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ኤምቢ (Emby) የተባለው ፕሮግራም ኮዱን ሲዘጋ ከእሱ ተገንጥሎ የወጣ ነው። ፋይሎቹ ያሉበት ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ ስልኩና ቲቪው በቤት ዋይፋይ ከዚያ ያጫውታሉ። ፓኬጅ አይበላም! የት እንዳቆማችሁም ያስታውሳል።

ስልኩ ላይ ብራውዘር ክፈቱ። የላፕቶፑን አይፒ አድራሻ (በዋይፋዩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር)፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ (:)፣ ከዚያ 8096 ጻፉ። በቃ።

እኔን ያለፋኝ የፋይል ስም ነው። ለእያንዳንዱ አኒሜ የራሱን ፎልደር ስጡት፤ ፋይሉ ላይ የምዕራፉና የክፍሉ ቁጥር ይኑር። አለዚያ ያደበላልቀዋል። የሽፋን ምስሎቹን ለማምጣት ግን ኔት ይፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። ያኔ የስልካችሁን ሆትስፖት ከፍታችሁ ላፕቶፑን አገናኙት። አድራሻው ስለሚቀየር አዲሱን አስገቡ፤ የስልኩን ሞባይል ዳታ መዝጋት እንዳትረሱ።