የማዘርቦርድ ባትሪ ከተቀየረ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳም ሲል

በማዘርቦርድ ላይ የምትቀመጠው ሳንቲም የመሰለች ባትሪ ስትደክም ኮምፒውተሩ በየማለዳው ቀንና ሰዓቱን ይስታል፤ ባትሪዋ በአዲስ ስትተካ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከሰዓቱ የባሰ ችግር ይመጣል። እስከ ትናንት በደህና ይሠራ የነበረው ኮምፒውተር ዊንዶውስን አልከፍት ይላል፣ ሃርድ ዲስክ አላገኘሁም የሚል ጽሑፍ ያወጣል፣ ወይም ሰማያዊ ገጽ እያሳየ ደጋግሞ ይጠፋና ይበራል። ይህን ያየ ሰው ወይ አንድ ዕቃ ተቃጥሏል፣ ወይ ዊንዶውስ ተበላሽቷል ብሎ ይደነግጥና በቀጥታ ፎርማት ወደማድረግ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጠፋው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ እንጂ የባለቤቱ ፋይል አይደለም። ስለዚህ ከታች ያሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ሳያዩ ፎርማት አያድርጉ፤ ሌላ ሰው ላድርግልዎ ቢልም አይፍቀዱ።

ባትሪዋ የምታገለግለው ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ ሲለይ ሰዓቱ እንዳይቆምና የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ዕቃዎቹን ፈትሾ ዊንዶውስን የሚያስነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ሴቲንግ እንዳይጠፋ ነው። አይቢኤም በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣው ኤቲ በተባለው ኮምፒውተር ላይ ለዚህ ሥራ የተመደበው ሜሞሪ ከሰዓቱ ጋር 64 ባይት ብቻ ነበር። በአዳዲሶቹ ማዘርቦርዶች አብዛኛው ሴቲንግ ባትሪ በማይፈልግ ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ይጻፋል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ባትሪው መነሳቱን ሲያውቁ ሁሉንም ከፋብሪካ ሲወጡ ወደነበረው ይመልሱታል። ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ ዊንዶውስ የተጫነው በአንድ ዓይነት ሴቲንግ ሆኖ ሳለ ፋብሪካው ያስቀመጠው ሌላ ከሆነ ሁለቱ አይግባቡም።

መጀመሪያ ቀፎውን መልሶ መክፈት

ሶፍትዌሩን ከመጠርጠር በፊት እጅ የነካውን ቦታ ማየት ይቀድማል። ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬቱ ይንቀሉ፣ ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭነው በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ። ብዙ ጊዜ ባትሪው ያለው ከግራፊክስ ካርዱ ሥር ስለሆነ ባትሪውን የቀየረው ሰው ካርዱን ነቅሎ አላልቶ መልሶት ሊሆን ይችላል፤ የሃርድ ዲስኩ ቀጭን ገመድም በክርን ተነክቶ ሊላቀቅ ይችላል። ራሙን፣ ግራፊክስ ካርዱንና ገመዶቹን እያንዳንዳቸውን ጫን አድርገው በቦታቸው መቀመጣቸውን ያረጋግጡ፤ ከካቻቪቴ ያመለጠ ብሎን ማዘርቦርዱ ላይ ወድቆ እንዳይሆንም በመብራት ይፈልጉ። የባዮስ ሴቲንግ ማጥፊያ የሆነችውን ትንሽ የፕላስቲክ ጃምፐር ሰው ነክቷት ከሆነ ወደ ነበረችበት ፒን ትመለስ፤ በማጥፊያው ቦታ ከቀረች ብዙ ማዘርቦርዶች ጭራሽ አይነሱም።

ባትሪው ራሱ ሲአር 2032 የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታሉ። ሲአር 2025 እና ሲአር 2016 ስፋታቸውም ቮልታቸውም ያው ስለሆነ «ይሠራል» ተብለው ይሸጣሉ፤ ነገር ግን ቀጫጭን በመሆናቸው ከመያዣው ጋር በደንብ አይነካኩም፣ ኮምፒውተሩ በተነቀነቀ ቁጥርም ሰዓቱ ይጠፋል። በጠፍጣፋው መያዣ ላይ የመደመር ምልክት ያለበት ሰፊ ፊቱ ወደ ላይ መሆን አለበት።

አዲስ የተገዛ ባትሪ ሁሉ አዲስ አይደለም። በሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው ዓመታት የተቀመጠ ሊሆን ስለሚችል ከመግጠምዎ በፊት በቴስተር ይለኩት፤ ጤነኛ ባትሪ ከ3.0 እስከ 3.3 ቮልት ያሳያል፣ ከ2.8 በታች ካሳየ ግን ለሻጩ ይመልሱት። ቴስተር ከሌለዎት ብዙ ሰዓት ጠጋኞች ይለኩልዎታል።

ሲበራ መታገሥ

ባዮሱ እንደ አዲስ ሲጀምር ራሙን ከመጀመሪያው እየፈተነ ይለካል። በዲዲአር 5 ራም በሚሠሩ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ሥራ ጥቂት ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ማራገቢያው እየዞረ ሞኒተሩ ጥቁር ይሆናል፣ ኮምፒውተሩም ራሱ ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል። ተቃጠለ ብለው በመሃሉ ካጠፉት ሥራው ከዜሮ ይጀምራልና ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። ግራፊክስ ካርድ ለብቻው የተገጠመለት ኮምፒውተር ከሆነ የሞኒተሩ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ካርዱ ላይ መሰካቱን ይመልከቱ።

ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ አያስደነግጥም። ዴል ሰዓቱ አልተሞላም ይላል፤ በኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች 163፣ በሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፖች ደግሞ 0271 የሚል ቁጥር ይወጣል፤ ሁሉም ቀንና ሰዓት ሙሉልኝ ማለታቸው ነው። ወደ ባዮስ ለመግባት በዴል ኤፍ 2፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በቲንክፓድ ኤፍ 1፣ በተገጣጠሙት ዴስክቶፖች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዲሊት የሚለውን ቁልፍ እንደበራ ደጋግሞ መጫን ይበቃል። ማስጠንቀቂያው አንድ ጊዜ መምጣቱ የሚጠበቅ ነው፤ ሞልተው ካስቀመጡ በኋላ በማግስቱም ከተመለሰ ግን ባትሪው ወይም መያዣው ጤነኛ አይደለም።

ቀኑን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት

ይህን ለእኛ አገር ተጠቃሚ አጥብቄ የምናገረው ስሕተቱን ደጋግሜ ስላየሁት ነው። ባዮስ የእኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቅም። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በኮምፒውተሩ ዘንድ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን እንዳለ 2017 ብሎ የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 09፡00፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ደግሞ 20፡00 ተብሎ ይሞላል።

ቀኑ ከተሳሳተ ኮምፒውተሩ ይከፈታል፣ ኢንተርኔቱም ይገናኛል፣ ግን ድረ ገጾች ሁሉ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያሉ ይከለክላሉ። ምክንያቱም እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚያቀርበው የማንነት ማረጋገጫ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር ማረጋገጫው ገና ሥራ ያልጀመረ ይመስለዋል። ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ያስተካክላል ብለው ቢጠብቁም ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ በራሱ ፈቃድ አያስተካክልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ በእጅዎ ያቅርቡለት። በመሥሪያ ቤት ዶሜይን (በአንድ ሰርቨር በሚተዳደር ኔትዎርክ) ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ከሰርቨሩ ጋር ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ እንኳ ላያስገባ ይችላል። ፒችትሪን በመሰለ የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ቀኑ ሳይስተካከል አንድም ሰነድ ባይመዘግቡ ይሻላል፤ በተሳሳተ ቀን የገባውን በኋላ ለይቶ ማውጣት አድካሚ ነው።

ሰዓቱ ልክ በ3 ሰዓት ብቻ ከተዛነፈ ባትሪውን አይውቀሱ። በዊንዶውስ ውስጥ የሰዓት ክልሉ ናይሮቢ የሚል መሆን አለበት፤ የእኛም ሰዓት ያው ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስም ዊንዶውስም ካሉ ደግሞ አንዱ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ሌላው እንደ አካባቢ ሰዓት ስለሚያነበው ልዩነቱ ይፈጠራል።

ዊንዶውስ አልነሳ ሲል

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ተጠርቼ ስሄድ የዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቶ፣ ሊጭን የመጣው ልጅም ኪቦርዱን ይዞ አገኘሁ። የሒሳብ ሠራተኛዋ አጠገቡ ቆመው «ልጄ፣ እኔ ምንም አልነካሁም፤ ባትሪ ብቻ ነው የተቀየረው» ይላሉ። ሌላ ቦታ ያልተቀመጠ የስድስት ዓመት መዝገብ በዚያ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነበር። ፍላሹን ነቅዬ ኮምፒውተሩን ሳስነሳው ሰማያዊው ገጽ መጣ፣ ከሥሩም «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» (የማስነሻውን ዲስክ ማግኘት አልተቻለም) የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ወደ ባዮስ ገብቼ «ሳታ ኦፕሬሽን» በሚለው (ከሃርድ ዲስኩ ጋር የመነጋገሪያው መንገድ በሚመረጥበት) ሥር ሬይድ ተመርጦ አገኘሁት፤ ወደ ኤኤችሲአይ ቀይሬ በኤፍ 10 አስቀምጬ ወጣሁ። ነጫጮቹ ነጠብጣቦች ጥቂት ዞሩ፤ ወዲያው የሴትዮዋ የልጅ ልጆች ፎቶግራፍ ያለበት ዴስክቶፕ ተከፈተ። ሥራው ከ4 ደቂቃ አልበለጠም።

ይህ የሚሆነው ዊንዶውስ ከሃርድ ዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ ሲጫን የለመደው በመሆኑ ነው። ዴል ብዙዎቹን የቢሮ ኮምፒውተሮቹን ከፋብሪካ የሚያወጣቸው በሬይድ ነው፤ አዲስ ዊንዶውስ የሚጭኑ ባለሙያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ኤኤችሲአይ ይቀይሩታል፤ ባትሪው ሲነሳ ግን ተመልሶ ሬይድ ይሆናል። በሌሎች ማዘርቦርዶች ላይ ነገሩ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ ያለውን በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሱ፣ አንዱን ብቻ ይቀይሩ፣ ኮምፒውተሩን አስነሥተው ይመልከቱ፤ ካልሠራ ወደ ነበረበት መልሰው ሌላውን ይሞክሩ። ሁለትና ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንዳዳነው ወይም እንዳበላሸበት አያውቅም። ሁለት ሃርድ ዲስኮች በእርግጥ በሬይድ ተጣምረው የሚሠሩበት ኮምፒውተር ከሆነ ግን ወደ ሬይድ መመለስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ አዲስ ጥምረት ፍጠር የሚለውን ምርጫ በፍጹም አይንኩ፣ መረጃውን ሊያጠፋ ይችላልና።

ከሰማያዊው ገጽ ይልቅ የሚነሳ ዲስክ የለም የሚል ጥቁር ገጽ ከመጣ ምርመራው ሌላ ነው። በባዮሱ ውስጥ የሃርድ ዲስኩ ስም ተጽፎ ካላዩ ወደ ገመዱ ይመለሱ። ስሙ ካለ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ፤ የዩኤስቢ ፍላሽ ተሰክቶ ከቀረም ይንቀሉት። ይህም ካልረዳ ዩኢኤፍአይ እና ሌጋሲ የሚባሉትን ሁለት የአነሳስ ዘዴዎች ያስቡ። በሌጋሲ የተጫነ አሮጌ ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ አይነሳም፣ በዩኢኤፍአይ የተጫነውም በሌጋሲ አይነሳም፤ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች ምርጫው ሲኤስኤም በሚል ስም ይገኛል። ዊንዶውስ 7 በነበረበት ዘመን የተጫነ ከሆነ ሌጋሲን፣ ዊንዶውስ 11 ከሆነ ዩኢኤፍአይን አስቀድመው ይሞክሩ።

ሌላው ሰው የሚደነግጥበት ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ መመስጠሪያ የሚያመጣው ሰማያዊ ገጽ ነው፤ 48 አኃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል። ቢትሎከር የባዮሱን ሁኔታ ስለሚከታተል ሴቲንጉ ሲቀየር ኮምፒውተሩ ተሰርቆ የተነካካ ያህል ይጠነቀቃል። በዊንዶውስ 11 ባለቤቱ ሳያውቅ ምስጠራው ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል በኮምፒውተሩ የገቡበትን የማይክሮሶፍት አካውንት በሌላ ስልክ ከፍተው ቁልፉን ይፈልጉ፤ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የአይቲ ክፍሉን ይጠይቁ። አስቀድመው ሴኪዩር ቡትና ቲፒኤም የተባሉት የባዮሱ የደኅንነት ሴቲንጎች ወደ ነበሩበት መመለሳቸውን ያረጋግጡ፤ አንዳንዴ ጥያቄው በዚህ ብቻ ይቀራል። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባላቸው አንዳንድ ማዘርቦርዶች ላይ የቲፒኤሙ መረጃ ይጥፋ ወይ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ቁልፉ በእጅዎ ሳይኖር እሺ አይበሉ።

ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ከበፊቱ ከዘገየ የራሙ ፍጥነት ወደ መነሻው ወርዶ ይሆናል፤ ኤክስኤምፒ የሚለውን መልሰው ያብሩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ ይነሳ የነበረ ኮምፒውተር ይህን ካቆመ፣ ወይም ቨርቹዋል ማሽን አልሠራ ካለ፣ እነዚህም ከባዮሱ መልሰው የሚበሩ ናቸው።

ሰዓቱ አሁንም ከጠፋ

ማታ አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፣ በማግስቱ ሰዓቱን ይዩ። ገመዱ ሲነቀል ብቻ ከጠፋ ባትሪው ወይም የመያዣው ላላ ያለ ብረት ነው፤ ብረቱን በቀስታ ማቅናት ይረዳል። ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ ሰዓቱ የሚዛነፍ ከሆነ ግን ምክንያቱ ባትሪው አይደለም። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፣ ቢጠፋም እንኳ፣ ሰዓቱን የሚመግበው ኤሌክትሪኩ ነው፤ ስለዚህ በየማታው ዲቫይደሩ በሚጠፋበት ቢሮና መብራት በብዛት በሚሄድበት ሰፈር ባትሪው ቶሎ ያልቃል።

በላፕቶፕ ላይ ዋናውን ባትሪ ሳያላቅቁ ይህቺን የማዘርቦርድ ባትሪ አይንኩ። በብዙዎቹ ውስጥ ባትሪው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በሁለት ሽቦ የሚሰካ ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ኤምኤል 1220ን የመሰለ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ይይዛሉ። በእርሱ ቦታ ቻርጅ የማይደረግ ባትሪ መግጠም አደገኛ ነው፤ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። በብዙ ላፕቶፖች የባዮስ የይለፍ ቃል ባትሪ በመንቀል እንደማይጠፋም ይወቁ።

የወጣውን አሮጌ ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አይተዉት። ደክሟል የተባለ ባትሪ እንኳ በሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ሊያቃጥል ይችላል፤ መጠኑ 20 ሚሊ ሜትር የሆነው ይህ ዓይነት ደግሞ ለመቀርቀር የተመቸ ነው። ሁለቱንም ፊቱን በፕላስተር ሸፍነው ልጅ ከማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ልጅ ውጦታል ብለው ከጠረጠሩ እንዲያስመልሰው ሳያደርጉ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።