ዳንቴል የለበሰው ስዊች፦ የእጅም የቲቪም ጌም ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ያደገ ሰው ያውቃል፤ እኛ ሳሎን ውስጥ ዳንቴል የማይለብስ ዕቃ የለም። ሶፋው ለብሷል፣ ቲቪው ለብሷል። እህቴ ከውጭ ኒንቴንዶ ስዊች፣ ማለትም በእጅም ከቲቪ ጋር አገናኝተውም የሚጫወቱበትን ጌም ስትልክልኝ እናቴ ለእሱም አንድ ነጭ ዳንቴል አላጣችም። አንድ ቀን ጌሙን ሳላጠፋ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ስመለስ ስዊቹ ዳንቴሉን እንደለበሰ ማራገቢያው ያጓራል። ብነካው ያቃጥላል። "አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነዋ ልጄ" አለች።

ስለዚህ ከዚህ እንጀምር፤ አታልብሱት። የስዊች ሙቀት የሚወጣው ከላይ ጫፉ ላይ ባለው ቀዳዳ ነው። ዶክ ላይ፣ ማለትም ከቲቪ ጋር የሚያገናኘው ማቆሚያ ላይ ሲቀመጥ ያ ጫፍ ብቅ ብሎ የሚታየው ለዚሁ ነው። ኒንቴንዶ ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ቦታ ተጠቀሙበት ይላል። ለደሴ አየር ይህ ቀልድ ነው። ባቲ በግንቦት ቀትር ላይ ግን እኔ አልሞክረውም።

ሁለተኛው ስህተት ሰፊ ነው፤ ዶኩ ጉልበት የሚጨምር ይመስለናል። የመጀመሪያው ስዊች ዶክ ውስጥ የኤችዲኤምአይ መውጫ፣ የዩኤስቢ መሰኪያና የቻርጅ መስመር እንጂ ሌላ ሞተር የለም። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው እጃችሁ ላይ ያለው ዕቃ ውስጥ የተቀመጠው የኤንቪዲያ ቴግራ ኤክስ1 ቺፕ ነው። ዶክ ላይ ሲሆን መብራቱን ከግድግዳ ስለሚያገኝ የምስሉን ክፍል በ768 ሜጋኸርዝ ያሮጠዋል። እጅ ላይ ሲወጣ ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽና ከዚያም በታች ይወርዳል። ካልሆነማ ባትሪው ወዲያው ያልቃል፣ ዕቃውም እጅ ያቃጥላል። በእጅ 720፣ በቲቪ እስከ 1080 የሚባለው የምስል ጥራት ልዩነት የሚመጣው ከዚህ ነው። የሃረጎን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ያው አንድ መኪና ነው፤ የሚለየው ማርሹ ነው።

እና "ፕሌይስቴሽን 5 ይበልጠዋል" ብሎ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። አዎ፣ ይበልጠዋል። መጀመሪያ የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ክብደቱ 4 ኪሎ ተኩል ነው። ስዊች ያለ ጆይኮኖቹ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ከሚሰኩት መጫወቻዎች ውጭ፣ 297 ግራም ነው፤ ግማሽ ኪሎ ስኳር እንኳ አይሞላም። ያን ሁሉ ብረትና ማራገቢያ የት ያስቀምጠው?

ሦስተኛ፣ ባትሪ። በ2017 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የወጣው ስዊች እንደ ጨዋታው ክብደት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይቆያል። ሰው የሚሰማው 6ቷን ብቻ ነው። ከደሴ በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራችሁ ከባድ ጨዋታ ከከፈታችሁ ሸዋ ሮቢት ሳትደርሱ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ በኋላ መስኮት ነው የምታዩት። በ2019 ቺፑ ተሻሽሎ የወጣው ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ይሄዳል። መልካቸው አንድ ስለሆነ ሁለተኛ እጅ ስትገዙ ጠይቁ። የአሮጌው ካርቶን የፊቱ መደብ ነጭ ሆኖ እጅ ይታይበታል፤ የአዲሱ ቀይ ነው። ካርቶን ግን ሊቀያየር ይችላል፤ እሱን ብቻ አትመኑ።

የሚገርመው በ2025 የመጣው ስዊች 2 ነው። ባትሪው ተለቀ፣ ስክሪኑ አደገ፣ ጉልበቱ ጨመረ፣ ቆይታው ግን ከ2 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ሆኖ አረፈው።

ስዊች ላይት ርካሽ ነው ብላችሁ ለቲቪ አትግዙ። ከቲቪ ጋር አይገናኝም፤ አለቀ።

በስልክ ቻርጀር ዶክ ማስነሳትም አይሆንም። የራሱ ቻርጀር 15 ቮልት፣ 39 ዋት ነው። ደካማ ቻርጀር ስትሰኩ ቲቪው ላይ ምስል አይመጣም፤ ሰዎች ዶኩ ተቃጠለ ብለው ጠጋኝ ቤት ይወስዱታል። በነገራችን ላይ፣ ከአሜሪካ የመጣውም ቻርጀር 220 ቮልት ይችላል፤ የሚያስፈልገው የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ደግሞ ከዶኩ መዝዛችሁ በእጅ መቀጠል ነው። ለእኛ አገር ከዚህ የተሻለ ነገር አልተሠራም።

ሚሞሪም እንዲሁ። የመጀመሪያው 32 ጊጋ ብቻ ነው፤ ካርድ ያስፈልገዋል። ለስዊች 2 ጌም መጫኛ ግን አሮጌው ማይክሮ ኤስዲ አይሆንም፤ ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ የሚባለውን ነው የሚፈልገው።

የመጨረሻው የአክስቴ ልጅ ሊሠራው የነበረ ስህተት ነው። ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ሊከፍት አስቦ "ጆይኮኖቹን ለሁለት ልጅ እያካፈልኩ አከራያለሁ" አለኝ። ሐሳቡ አይከፋም፤ ጆይኮን እንዲያ እንዲካፈል ነው የተሠራው። ነገር ግን ቀጭን ዕቃ ውስጥ የገባ መዘወሪያ (በአውራ ጣት የሚገፋው) ትንሽ ነው የሚሆነው፤ ውስጡ ያለችው ስስ ንጣፍም በመፋተግ ታልቃለች። ያኔ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ ብቻውን ወደ ግራ ይንሸራተታል። እኛ ሰፈር ጆይስቲክ እንዲያ ሲሆን "ጂኒ ገባበት" ነበር የምንለው። የጆይኮኑ ጉዳይ ብዙ አቤቱታ አስነስቶ በ2020 የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደርሰዋል።

ቀኑን ሙሉ ልጅ እየተቀባበለ ለሚያሽከረክረው ቤት ይህ አያዋጣም። ሙሉ መጠን ያላቸውን ጆይስቲኮች ግዛ አልኩት። ትንሽ አጉረመረመና ሁለት ገዛ። ጆይኮኖቹን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎባቸዋል፤ አክስቴ ከላይ ዳንቴል ጣል አድርጋበታለች።