ወርክሾፑና መኖሪያው በአንድ ጣሪያ ሥር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ፊት ለፊት በርና መስኮት ይበየዳል፤ ከጀርባ ልጆች ያድራሉ። ብረት ሥራ ላይ ያለን ብዙዎቻችን የምንኖረው እንዲህ ነው። ኪራዩ አንድ ነው፣ ዕቃውም የሌሊት ዘበኛ አይፈልግም። እኔም ደብረ ብርሃን ላይ እንዲሁ ሠርቻለሁ። 12 ሜትር በ8፣ አምዱ ብረት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መሐሉ በብሎኬት ተከፍሎ ፊቱ ወርክሾፕ፣ ኋላው ቤት።

ከገጠሙኝ ችግሮች አብዛኞቹ የመጡት ከአንድ ስህተት ነው። ማካፈያውን ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ አቆምኩት። ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ክፍት ነበር። ጭሱም፣ ሽታውም፣ ድምፁም በዚያ በኩል ይሻገራል። ገና እየገነባችሁ ከሆነ የቀረውን ከማንበባችሁ በፊት ግድግዳውን ቆርቆሮው ሥር ድረስ አውጡት። በቆርቆሮው ሞገድ መሐል የሚቀረውንም ክፍተት እሳት በማይበላው ነገር ድፈኑት።

ሳይዘንብ ጣሪያው ያንጠባጥባል

ኅዳር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ አድሯል፣ ደጁ ውርጭ ነው። ስትነቁ ብርድ ልብሱ ላይ ሳንቲም የሚያካክሉ እርጥብ ክቦች አሉ፤ ጠርዛቸው የዝገት ቀለም አለው። ኮርኒሱ ላይም ካርታ የመሰለ ቢጫ እድፍ ወጥቷል። እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጣሪያውን ብሎን ነበር። መሰላል አቁሜ አንድ በአንድ በሲሊኮን ደፈንኩ። በማግሥቱ ያው ነው። ሁለተኛ ቱቦ ሲሊኮን ጨርሼም ያው ነው።

ውኃው ለካ ከላይ አይመጣም፣ ከእኛው ነው የሚወጣው። ቆርቆሮ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ከደጁ አየር እንኳ በልጦ ይቀዘቅዛል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ይህ እዚህ ይብሳል። ቤት ውስጥ አራት ሰው ሲተነፍስ ያድራል። ወጥ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል፣ የታጠበ ልብስ ይሰጣል። የሲሊንደር ጋዝም አለበት። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ይህ ሁሉ ሞቆ ወደ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውኃ ይመለሳል። የድስት ክዳን ሥር የምታዩት ጠብታ ማለት ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ማታ የቆርቆሮውን ሥር በጨርቅ አድርቁት። ንጋት ላይ በባትሪ እዩት። ላብ መስሎ ሁሉም ቦታ ላይ እኩል ውኃ ካዘለ፣ ከእንፋሎት ነው። በአንድ መስመር ወይም በአንድ ብሎን ዙሪያ ብቻ ከሆነና የሚመጣው ሲዘንብ ከሆነ ደግሞ ማፍሰስ ነው።

ከእንፋሎት ከሆነ ሲሊኮኑን ተዉት። መጀመሪያ ማብሰያው ላይ ወደ ደጅ የሚያወጣ ቱቦ ግጠሙ፤ ትልቁ እንፋሎት ከዚያ ነው። ቀጥሎ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ ይተንፍስ፤ ጣሪያው ጫፍ ሥር በግራና በቀኝ፣ ከተቻለም አናቱ ላይ ክፍተት ተዉ፣ ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ምቱበት። ከዚያ ኮርኒሱ ላይ የመስታወት ሱፍ አንጥፉ፤ እንፋሎቱን የሚያግደው ፕላስቲክ ከሱፉ ሥር፣ ወደ ክፍሉ በኩል ይሁን። ብዙ ሰው ገልብጦ ከላይ ያለብሰዋል። ያኔ ሱፉ ራሱ ይረጥብና ዓመት ሳይሞላው ይተኛል። ፎም ርካሽ ቢሆንም እኔ አልመክርም። ከፊቱ ብየዳ ባለበት ቤት ፎም ማለት ማገዶ ነው።

ሲዘንብ ያፈሳል

ይሄኛው የእውነት ማፍሰስ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ጣሪያችሁ ጧ! ጧ! ሲል ሰምታችሁ ይሆናል። ብረቱ እየተኮማተረ ነው። የ12 ሜትር ብረት በ40 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 6 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ያጥራል። በየቀኑ ሲሄድና ሲመለስ ሚስማሩ ይላላል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ሚስማሩን ነቅላችሁ ባለ ጎማ ብሎን እሰሩ፣ ከሞገዱ አናት ላይ። ጎማው ተጨፍልቆ ከጎን ከወጣ ከልክ በላይ ጠብቋል፤ እሱም በሁለት ክረምት ይሰነጠቃል።

ብየዳ ሲጀመር መብራቱ ይፈዛል

ቤቱና ወርክሾፑ አንድ ገመድ ላይ ናቸው ማለት ነው። አሮጌው ባለ ትራንስፎርመር የብየዳ ማሽን ኤሌክትሮዱ ብረቱን በነካ ቁጥር ብዙ አምፔር ይጎትታል፤ ቀጭን ገመድ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል። ፍሪጁ የሚቃጠለውም በዚህ ነው። ለማሽኑ ከማከፋፈያው ጀምሮ የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ኢንቨርተር ማሽን የሚጎትተው ያንሳል፣ አቅም ካለ ለውጡት። ሥራው ከሰፋ ባለ ሶስት ፌዝ ቆጣሪ ማስገባት ይሻላል።

መፍዘዙ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አንድ ቀን ባለቤቴ ዕቃ እያጠበች "ቧንቧው ነዘረኝ" አለችኝ። እኔ በዚያች ሰዓት በር እየበየድኩ ነበር። የማሽኑን መመለሻ ገመድ፣ ኤርዝ የምንለውን መቆንጠጫ፣ ለመቅረብ ብዬ የቤቱ አምድ ላይ ነክሼዋለሁ። ኮረንቲው በአምዱ፣ በቧንቧው፣ ባገኘው ብረት ሁሉ አድርጎ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። የቤቱ ሁሉ ብረት ተያይዞ የቆመ ስለሆነ ለቤተሰቡ አደገኛ ነው። መቆንጠጫው የሚበየደው ዕቃ ላይ ብቻ ይነከስ፣ ከብየዳው ቦታ በቅርብ። አምዱ ላይ በጭራሽ። የመሬት ሽቦው በትክክል መቀበሩን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይለካላችሁ። ለቤቱ መስመርም ኮረንቲ ሲያመልጥ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር አስገቡ። መንዘሩ ብየዳ ከቆመ በኋላም ካለ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ዋናውን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይላል፣ ያተኩሳል

ቀን ደህና ውለህ ማታ ያንዘፈዝፍሃል። ሰውነት ይቆረጣጠማል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል። ሁሉም "ጉንፋን ነው" ይላል። ያን ቀን ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የለበሰ፣ ላሜራ በይደህ እንደሆነ አስታውስ። ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እንዲህ ያደርጋል። ባብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል። ወተት ጠጣ የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል፤ ወተት ግን ሆድ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ብየዳው የሚያርፍበትን ቦታ ዚንኩን በግራይንደር አንሳ፣ ደጅ ወጥተህ በይድ፣ ለጭስ የተሠራ ማስክ አድርግ። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደረትህን ከያዘህ ሳታመነታ ሐኪም ቤት ሂድ።

የቲነርና የቀለም ሽታ መኝታ ቤት የሚገባው ደግሞ በዚያው ባልተዘጋው ግድግዳ በላይ ነው። ቤቱ ሞቃት፣ ወርክሾፑ ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ ቤቱ በመሐሉ በር ሥርም አየር ከወርክሾፑ ይስባል። ማስወጫ ፋኑን ወርክሾፑ ላይ ግጠሙት፣ ወደ ደጅ እንዲነፋ። የመሐሉ በር ሥርና ዙሪያ ጎማ ይኑረው። የሥራ ልብስ ከዚያ በር አይለፍ። አሮጌ ቀለም ስንፍቅ የሚነሳው አቧራ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ሕፃን ደግሞ የነካውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል።

ልጁ ሌሊት "ዓይኔ ውስጥ አሸዋ አለ" ይላል

በበሩ ክፍተት ብየዳ አይቷል። የሚያመው እያየ ሳለ አይደለም፣ ከሰዓታት በኋላ ነው። እንዳያሸው ከልክሉት፣ ጤና ጣቢያ ይታይ። ብርሃኑ ከነጭ ግድግዳ ላይም ስለሚመለስ ብየዳው ዙሪያ ጥቁርና የማያብለጨልጭ ቀለም ቀቡ፣ እሳት የማይዘው መጋረጃ አቁሙ።

ድምፁ አያስተኛም

ባለ 10 ሳንቲሜትር ብሎኬት አይበቃም። ባለ 20 ሠርታችሁ ሁለቱንም ፊት ለስኑት። ኮምፕረሰሩ ሥር ወፍራም ጎማ ይግባ፤ ጉርምርምታው በወለሉ ነው የሚሄደው። የምትቀጠቅጡበት ጠረጴዛም የማካፈያውን ግድግዳም ሆነ አምዱን አይንካ።

ሥራ ከቆመ በኋላ የሚቃጠል ነገር ይሸታል

ይህን ምልክት የሚንቅ ሰው ያሳስበኛል። የግራይንደር ፍንጣሪ 10 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጨርቅ ወይም ካርቶን ሥር ይገባና ሳይነድ ሲጤስ ይቆያል። ስለዚህ ብየዳና መቁረጥ ከመኝታ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ይቁም። በዚያ ሰዓት ውስጥ ወርክሾፑን ጥግ ጥጉን እየዞራችሁ በእጃችሁ ዳብሱት። የአሴቲሊን ጋዝ ሲሊንደሩ ቆሞ፣ በሰንሰለት ታስሮ ይደር እንጂ አይተኛ፤ ከኦክስጅን ሲሊንደሩም 6 ሜትር ይራቅ። ከተቻለ ሁለቱም ደጅ ይደሩ።

አሁን ተነሱና መኝታ ቤታችሁን እዩ። ወርክሾፑ ቢነድ በየት ትወጣላችሁ? ብዙ ቤት ያለው በር አንድ ነው፣ እሱም በወርክሾፑ በኩል። መስኮቱ ላይ ደግሞ ራሳችን በይደን የገጠምነው ጠንካራ ፍርግርግ አለ። ሌባ አያስገባም፣ እኛንም አያስወጣም። እኔ የመኝታ ቤቱን ፍርግርግ ቆርጬ ማጠፊያ በየድኩለትና ከውስጥ የሚከፈት አደረግኩት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቁልፉ የተሰቀለው ከመስኮቱ አጠገብ፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ በጨለማ እጇን ዘርግታ በምትደርስበት ቁመት ላይ ነው። ሦስት ጊዜ አስከፍቻታለሁ፣ መብራት አጥፍቼ።