አለቃ ስትሆን እውነቱን ሚነግርህ ሰው ከየት ይመጣል

ቲም ሊደር የሆንኩ ሰሞን ማወራው ነገር ሁሉ ልክ ሆነ፣ ቀልዴ ሳይቀር ማሳቅ ጀመረ 😅 ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንድ ሚቲንግ ላይ ገና ቁጭ ከማለታችን "በ2 ወር እንጨርሰዋለን አይደል?" አልኩ፣ ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ፣ ስራው 5 ወር ፈጀ። በኋላ አንዷ ልጅ በር ላይ አግኝታኝ "እኔማ እንደማይደርስ አውቄ ነበር፣ ግን ወስነህ የመጣህ መሰለኝ" አለችኝ። መጀመሪያ በሷ ተናደድኩ፣ ማታ ሳስበው ግን የኔ ጥያቄ ራሱ ጥያቄ አልነበረም እኮ።

እና መጀመሪያ ልመድ ምልህ ነገር፣ መጨረሻ ላይ ተናገር። አዲሱ ልጅ ይጀምር፣ አንተ ዝም በል፣ ፊትህም ጭምር ዝም ይበል። (አንተ እያልኩ ምጽፈው ለማሳጠር ነው፣ ሴቶችም አላችሁበት።)

ይሄ ነገር ትልልቆቹንም በልቷል። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ኬኔዲ በፈረንጆቹ 1961 የስለላ ድርጅቱ ሲአይኤ ያሰለጠናቸው 1,400 ገደማ የኩባ ስደተኞች የካስትሮን መንግስት ለመጣል ኩባ ውስጥ ቤይ ኦፍ ፒግስ የሚባል ባህር ዳርቻ ላይ እንዲያርፉ ፈቀደ፣ በ3 ቀን አለቀ፣ ከ1,100 በላይ ተማረኩ። አማካሪው አርተር ሽሌሲንገር እቅዱን እንደማይደግፍ ለብቻው ጽፎ ሰጥቶታል፣ ስብሰባው ላይ ግን ዝም አለ፣ በኋላም በዝምታው ተጸጽቷል። በ1962 ሶቭየት ኩባ ላይ ሚሳኤል ተክላ ቀውስ ሲመጣ ኬኔዲ አንዳንዱን ስብሰባ ራሱ ሳይገባ እንዲከራከሩ ተዋቸው፣ መጀመሪያ ያዘነበሉት ወደ አየር ድብደባ ነበር፣ መጨረሻ ላይ የተመረጠው ኩባን በባህር መክበብ ሆነ። ሰውየው ያው ሰውየው ነው፣ አማካሪዎቹም ብዙዎቹ ያው ናቸው፣ የተለወጠው አጠያየቁ ነው።

አማካሪ ስትመርጥ 3 ሰው ይበቃሃል፣ ሰባት ካደረግካቸው ላለመወሰን ሰበብ እየፈለግክ ነው። አንዱ ስራህን ቀድሞህ የሰራና ካንተ ምንም ማይፈልግ፣ ከመስሪያ ቤቱ ውጪ ቢሆን ይሻላል። አንዷ ከስር ሆና ስራውን በእጇ ምትነካው። ሶስተኛው ደሞ አስተሳሰቡ ትንሽ ሚያናድድህ ሰው፣ ይሄኛውን ሁሉም ይዘለዋል። የልብ ጓደኛህን ተወው፣ እሱ ሲከፋህ ይጠቅምሃል።

ስትጠይቃቸው "ምን ይመስላችኋል" አትበል፣ "አሪፍ ነው" ነው ሚሉህ። "ከ6 ወር በኋላ ይሄ ፕሮጀክት ሞቷል እንበል፣ ምን ገደለው?" በላቸው። ፕሪሞርተም ይባላል፣ ጋሪ ክላይን የሚባል ሳይኮሎጂስት ነው ያስተዋወቀው፣ እና ለምን እንደሚሰራ አይገርምም፣ ሰውየው አንተን እየተቃወመ ሳይሆን የተሰጠውን ጥያቄ እየመለሰ ስለሆነ አይፈራም።

የመጀመሪያው ሰው "ተሳስተሃል" ሲልህ ማስረዳት እንዳትጀምር! ከባድ ነው አውቃለሁ፣ እኔ አሁንም አፌን ይበላኛል። "እሺ ጨምርልኝ" በልና ጻፍ። በሳምንቱ ተመለስና ምክሩን ምን እንዳደረግከው ንገረው፣ ባትቀበለውም ንገረው፣ ካለዛ ሁለተኛ አይመጣም።

መማሩን በተመለከተ ኮርስ፣ ፖድካስት ምናምን ጥሩ ነው፣ እኔን የለወጠኝ ግን ደብተር ነው። ከመወሰኔ በፊት ቀኑን፣ ምን እንደወሰንኩ፣ ምን እንደምጠብቅና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንኩ በፐርሰንት እጽፋለሁ፣ ከ3 ወር በኋላ እከፍተዋለሁ። ጭንቅላታችን ሁሌ "አውቄው ነበር" ነው ሚለው፣ ደብተሩ ግን አይለቅህም። አንድ ገጽ ላይ "ይሄ ልጅ አይሆንም፣ 90%" ብዬ ጽፌያለሁ፣ ልጁ ዛሬ ከሶስቱ አማካሪዎቼ አንዱ ነው።

ነገ ሚቲንግ ካለህ ወረቀት አድልና ማንም ሳያወራ ግምቱን ይጻፍ፣ ከዛ አንተ ሰብስበህ ስም ሳትጠራ አንብበው። እኛ ጋ መጀመሪያ ቀን ከ3 እስከ 7 ወር የጻፈ ነበር፣ 2 ወር የምትል አንዲት ወረቀት ብቻ ወጣች፣ እሷም የኔ ነበረች።