ፍሬት አልባ ቤዝ ሲገዙና ሲለማመዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍሬት አልባ ቤዝ አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉት፣ የኖታ ቦታ የሚለዩ ቀጫጭን ብረቶች የሌሉት ቤዝ ጊታር ነው። ድምፁ አንዴ ጆሮ ከገባ ቶሎ አይለቅም። ኖታው ይሳባል፣ ይለሰልሳል፣ እንደ ሰው ያንጎራጉራል። በዚህ ድምፅ ተማርከው የሚገዙት ብዙዎች ናቸው። ትንሽ ሞክረው ግድግዳ ላይ ሰቅለው የሚተዉትም ጥቂት አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ ተሰጥኦ አንሷቸው አይደለም። ፍሬት እንዳለው ቤዝ በዓይን ሊጫወቱት ስለሚሞክሩ ነው። ይህ መሣሪያ የጆሮ መሣሪያ ነው።

ያለዎትን ብቸኛ ቤዝ ፍሬት መንቀል

ብዙዎች ይህ ሐሳብ የሚመጣላቸው ከታዋቂው የቤዝ ተጫዋች ከጃኮ ፓስቶሪየስ ነው። የእሱ ዝነኛ ቤዝ ፍሬቶቹ የተነቀሉለት የ1962 ፌንደር ጃዝ ቤዝ ነበር። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ሥራው ግን ከባድ ነው። ፍሬት በጥንቃቄ ካልተነቀለ የሰሌዳውን (ክሩ በጣት የሚጫንበትን የአንገቱን ገጽ) እንጨት ቦጭቆ ይነሳል። ባዶ የቀረው የፍሬት መቀመጫ መሞላት አለበት። ሰሌዳው ተስተካክሎ መላግ፣ ናቱም (ክሮቹ አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉበት ድጋፍ) ዝቅ ማለት አለበት። ይህን የሚያውቅ ጊታር ሠሪ ካላገኙ አይንኩት። ከፋብሪካው ፍሬት አልባ ሆኖ የሚወጣ ቤዝ እንደሆነ አዲስ ነገር አይደለም። አምፔግ በ1966፣ ፌንደር በ1970 ለገበያ አቅርበዋል። ዛሬ ምርጫው ሰፊ ነው።

መስመር ያለውን መናቅ

አንዳንዱ ቤዝ ፍሬቶቹ ሊኖሩበት በሚገባው ቦታ ላይ ቀጭን መስመር አለው። ሌላው ሰሌዳው ልሙጥ ነው። «መስመር ያለው ለጀማሪ ነው» የሚል ወሬ ይሰማሉ። አይስሙት። የጃኮ ቤዝ ራሱ የተሞሉት የፍሬት መቀመጫዎች ይታዩበት ነበር። እኔ ለመጀመሪያ ቤዝ መስመር ያለውን እመርጣለሁ። መስመሩ እጅዎን ወደ ሰፈሩ ያደርሰዋል፤ ትክክለኛዋን ቦታ የሚያገኘው ግን ጆሮዎ ነው። ደግሞ ከላይ አዘንብለው ሲያዩት መስመሩ ካለበት ትንሽ ፈቀቅ ያለ ይመስላል። ስለዚህ አንገቱን ወደ ራስዎ አዙረው መስመር መፈለግ አያዋጣም።

ልሙጡን ከመረጡ ግን ሳይገዙ በፊት የአንገቱን ጎን ነጠብጣቦች ያጣሩ። አንዳንዱ ቤዝ ላይ ነጠብጣቡ ያለው ትክክል ኖታው በሚገኝበት ቦታ ነው። ሌላው ላይ እንደ ተራው ቤዝ በሁለት ኖታዎች መካከል ነው። ይህን ሳያውቁ የገዙ ሰዎች ሁሌም ፎልስ እየገባባቸው ይደናገራሉ። ማጣሪያው ቀላል ነው። ክሩን ሳይጫኑ እኩሌታው ላይ በስሱ ነክተው ይምቱት። ጥርት ያለ ሃርሞኒክ (እንደ ደወል ያለ ቀጭን ድምፅ) የሚሰማበት ቦታ 12ኛው ፍሬት ሊኖርበት የሚገባው ነው። 86.4 ሴንቲ ሜትር ክር ባለው የተለመደ ቤዝ ላይ ከናቱ 43.2 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይገኛል። ነጠብጣቡ እዚያው ላይ ነው ወይስ ሸሽቷል? መልሱን ያገኛሉ።

ጣትን ከመስመሩ ኋላ ማሳረፍ

ፍሬት ባለው ቤዝ ጣት የሚያርፈው ከፍሬቱ ኋላ ነው። እዚህ ግን ክሩን የሚያሳጥረው ጣትዎ ራሱ ነው። የጣትዎ ጫፍ መካከል ልክ መስመሩ ላይ ማረፍ አለበት። በድሮው ልማድ ከኋላ ካሳረፉት ድምፁ ይወርዳል። ርቀቱም አንድ ዓይነት አይደለም። ናቱ አጠገብ አንድ ሰሚቶን (ከአንድ ፍሬት እስከ ቀጣዩ ያለው የድምፅ ርቀት) 4.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከ12ኛው በኋላ በግማሽ ይጠባል። ናቱ አጠገብ አራቱን ጣቶች ለአራት ሰሚቶን መዘርጋት እጅ ያደክማል፣ ቦታም ያስታል። ኮንትራባስ (ቆሞ የሚጫወቱት ትልቁ ቤዝ) ተጫዋቾች በአመልካች፣ በመሃልና በትንሿ ጣት ነው የሚሠሩት። ልምዳቸውን ቢወስዱ ይጠቅምዎታል።

በቱነር መብራት መለማመድ

ከሁሉ የባሰው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ቱነር ክር ለመቃኘት ነው። ኖታ በኖታ መብራቱን እያዩ ከተለማመዱ ዓይንዎ እንጂ ጆሮዎ አይማርም። መብራቱ ሲጠፋ ቅኝቱም አብሮ ይጠፋል።

የሚሻለው አንድ ድምፅ ሳይቋረጥ እያሰሙ በላዩ መጫወት ነው። ኪቦርድ ወይም የስልክ አፕ «ላ» የተባለውን ኖታ ይያዝልዎት። እርስዎ መጀመሪያ ኦክታቩን (ያንኑ ኖታ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ)፣ ቀጥሎ አምስተኛውን ኖታ በዝግታ ይፈልጉ። ትንሽ ሲስቱ ሁለቱ ድምፆች ሲርገበገቡ ይሰማዎታል። ወደ ልኩ ሲጠጉ መርገብገቡ ይዘገያል። ልክ ሲገጥሙ ይቆማል። ይህን ለውጥ አንዴ ከለዩት ልምምዱ ራሱ ያስተምርዎታል። ሦስተኛውን ኖታ ለኋላ ያቆዩት፤ እሱ አስቸጋሪ ነው። በንጹሕ ድምፅ የሚገጥመው ሜጀር ሦስተኛ ከኪቦርዱ በ14 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል። አንድ ሰሚቶን 100 ሴንት ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ በጆሮ ይታወቃል። ከባንድ ጋር ሲጫወቱ ኪቦርዱን ይከተሉ። ብቻዎን ትክክል መሆን እዚያ አይሠራም።

ስህተትን በቪብራቶና በስላይድ መሸፈን

ጀማሪ ኖታው ከሳተ እጁን ያንቀጠቅጣል፣ ወይም ከታች እየጎተተ ይደርሳል። አድማጭ ያውቃል። መጀመሪያ ረጅም ኖታዎችን ቀጥ አድርገው ይያዙ። ቪብራቶ ሲጨምሩ ጣትዎን በክሩ ርዝመት ወደ ናቱና ወደ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ድጋፍ) ያንከባልሉ። እንደ ጊታር ክሩን ወደ ጎን መሳብ ሰሌዳውን ይፍቃል።

ክርና ሴታፕ (የክርና የአንገት አስተካከል) ላይ አለማሰብ

ሸካራ ክር ያልተቀባ እንጨት ቀስ እያለ ይቦረቡራል። ጃኮ ሸካራ ክር ይጠቀም የነበረው ሰሌዳውን ኢፖክሲ በተባለ ጠንካራ ሽፋን ቀብቶ ነው። የእርስዎ ሰሌዳ ያልተቀባ የሮዝውድ እንጨት ከሆነ በለስላሳ ክር ይጀምሩ። ኢቦኒ ጠንከር ስለሚል የተሻለ ይችላል።

ያ የሚያንጎራጉር ድምፅ አልወጣ ካለ ወዲያው ሌላ ቤዝ አያማርጡ። ድምፁ የሚወለደው ክሩ ሰሌዳውን በስሱ ሲነካ ነው። ክሩ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ወይም አንገቱ ከጎበጠ አይነካም። አንገቱ ቀጥ ሊል ምንም ያልቀረው፣ ክሩም ዝቅ ያለ ይሁን። ከዚያ ብሪጁ አጠገብ ያለውን ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ክፍል) ድምፅ ከፍ አድርገው እዚያው አካባቢ ይምቱ። አምፕሊፋየሩ ላይ ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) አይቁረጡ፤ የዚህ ቤዝ ድምፅ በአብዛኛው እዚያ ነው ያለው።