"ቧጨርነው እንጂ አልበሳነውም" አትበሉን

የጋዝ መስመር ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አንዳንዱን ስህተት ግን መቶ ጊዜ ባየውም ሊለመደኝ አልቻለም። ለሙያው አዲስ የሆናችሁ፣ ጋዝ በቧንቧ እቤታችሁ የሚገባላችሁ፣ መንገድ ዳር የምትቆፍሩም ሁላችሁ አንብቡት።

"ቧጨርነው እንጂ አልበሳነውም"

በጣም የሚያናድደኝን ላስቀድም። በቅርቡ አንድ ቁፋሮ ቦታ ተጠርተን ሄድን። የደወለልን ቆፋሪው አይደለም፣ በዚያ ሲያልፍ ያየ መንገደኛ ነው። ስንደርስ አፈሩ ግማሹ ተመልሷል። ኦፕሬተሩ ከማሽኑ ወርዶ "አይዞህ፣ ቧጨርነው እንጂ አልበሳነውም" አለኝ። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ቧንቧውን በጨርቅ ጠረግኩት። ቢጫ ፕላስቲክ ነው። የማሽኑ ጥርስ ክንድ የሚያህል ጭረት ጥሎበታል። ጥፍሬን አስደግፌ ስስበው ጭረቱ ውስጥ ቀርቀር አለ። ግድግዳው 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቧንቧ ነው፤ እኛ ደግሞ ጭረቱ ከግድግዳው ውፍረት 10 በመቶ ካለፈ ቧንቧውን ቆርጠን እናወጣዋለን። 1 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ስንለካው 2 ሆነ።

ሰው ቧንቧን ወይ የተቀደደ ወይ ደህና አድርጎ ነው የሚያየው። መሃል ላይ ያለው ነው አደገኛው። ቧንቧው ቀን ከሌት ከውስጥ እየተገፋ ነው የሚኖረው። ግፊቱ ከፍ ሲል ይለጠጣል፣ ዝቅ ሲል ይመለሳል፣ እና ያ ሁሉ ጫና የሚጠራቀመው በጭረቱ ሥር ነው። ብረት ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የብረት መስመር ከዝገት የሚጠበቀው በሽፋኑና ወደ ብረቱ በምንልከው ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። ሽፋኑ ከተላጠ እርጥቡ አፈር ብረቱን አገኘው ማለት ነው። ዛሬ ምንም አይታይም። ችግሩ የሚወጣው ማሽኑም ኦፕሬተሩም ከሄዱ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. 2004 ላይ ቤልጂየም ውስጥ ጊስሌንጊን በሚባል ቦታ የሆነው ይኸው ነው። ትልቅ የጋዝ መስመር በግንባታ ሥራ ላይ በማሽን ተጎድቶ ነበር። ያን ጊዜ አልፈነዳም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በውስጡ ያለው ግፊት ከፍ ሲል ግን ፈነዳና 24 ሰው ሞተ። ከሞቱት ውስጥ ለእርዳታ የደረሱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አሉበት።

ስለዚህ ቧጨራችሁ? ቁሙ። አፈር አትመልሱ። ደውሉ። የኛ ሰዎች መጥተው አይጮሁባችሁም፤ እኔ የደወለልኝን ሰው አመስግኜ ነው የምሄደው። የዚያን ቀኑን ቧንቧ በሁለቱም በኩል ቆንጥጠን ጋዙን አቆምን፣ የተጎዳውን ቆርጠን አዲስ ቁራጭ አቅልጠን ገጠምን፣ ከሰዓት በኋላውን ብቻ ነው የወሰደብን። ተሸፍኖ ቢቀር ኖሮ ግን ቦታውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ደግሞ ከፕላስቲኩ ጎን ቀጭን ሽቦ ካያችሁ አትቁረጡት። የተረሳ የኤሌክትሪክ ገመድ አይደለም። ፕላስቲክን በመፈለጊያ መሣሪያ ከላይ ሆኖ ማግኘት አይቻልም፣ ቧንቧው ያለበትን የሚነግረን ያ ሽቦ ነው።

"ካልሸተተ ሰላም ነው"

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ መጋጠሚያ እፈታ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሽታው አፍንጫዬን ያዘው። ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ተነፈሰ፣ አለቀ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። አለቃዬ መለኪያውን ይዞ ሲጠጋ መሣሪያው ጮኸ፣ በኮሌታዬ ይዞ አወጣኝ። ጋዙ የትም አልሄደም ነበር፣ የደከመው አፍንጫዬ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

የተፈጥሮ ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። አብዛኛው ሜቴን ነው። ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1937 አሜሪካ፣ ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን የሚባል ቦታ ያለ ትምህርት ቤት ሽታ በሌለው ጋዝ ፈንድቶ 300 ገደማ ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው። ቴክሳስ ሽታ መጨመርን በሕግ ያስገደደችው ከዚያ በኋላ ነው። ሜቴን የሚቀጣጠለው በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ሽታው ደግሞ ገና 1 በመቶ አካባቢ ላይ እንዲታወቅ ታስቦ ይመጠናል። ጥሩ ጥበቃ ነው። ግን አፍንጫ ይለምዳል። ከመሬት በታች ያመለጠ ጋዝ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ሽታው አፈሩ ላይ ይቀራል። አዲስ የብረት ቧንቧም ሽታውን ይመጥጠዋል። ከሸተታችሁ እመኑት፣ ካልሸተታችሁ ግን መለኪያ ይናገር።

"ጋዝ ወለል ላይ ነው የሚተኛው"

ይህ ከሲሊንደር ጋዝ የመጣ ልማድ ነው። የሲሊንደሩ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ስለዚህ ወለል ላይ ይተኛል። በቧንቧ የሚመጣው ግን ከአየር ይቀላል፣ ክብደቱ ከአየር ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ወደ ጣሪያ ነው የሚወጣው። አንዳንድ ሰው የጋዝ ጠቋሚ ገዝቶ ወለሉ አጠገብ ይሰቅለዋል፣ ጋዙ ደግሞ ከላይ ጀምሮ ክፍሉን ይሞላል።

ከመሬት በታች ሲሆን ደግሞ ጋዙ የቀለለውን መንገድ ነው የሚፈልገው። ላዩ በአስፋልት ከታሸገ ወደ ጎን ይሄድና የፍሳሽ ቱቦ ወይም የኬብል መተላለፊያ ካገኘ ተከትሎት ይጓዛል። ጋዝ ጨርሶ ያልገባለት ቤት ውስጥ ጋዝ አግኝተን እናውቃለን። "እኛ ቤት እኮ ጋዝ የለም" ብላችሁ ሽታውን ችላ አትበሉ።

የሬጉሌተሩን ቀዳዳ መድፈን

ይህን ለመረዳት ጋዙ እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ከጋዝ ማውጫው ተነስቶ በትልልቅ የብረት መስመሮች ሲጓዝ ግፊቱ ከ14 እስከ 100 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይደርሳል። ከቧንቧው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ሲሄድ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በየ65 እስከ 160 ኪሎ ሜትሩ የኮምፕረሰር ጣቢያ ተቀብሎ እንደገና ይገፋዋል። ከተማ መግቢያ ላይ ግፊቱ ይቀነሳል። ግፊት በአንዴ ሲወርድ ጋዙ ስለሚበርድ ብዙ ጣቢያ ላይ አስቀድመን እናሞቀዋለን፣ አለዚያ መሣሪያው በረዶ ይይዛል። ከዚያ በየሰፈሩ እየተቀነሰ እቤታችሁ ሲገባ 20 ሚሊባር አካባቢ ይሆናል (አንድ ባር 1,000 ሚሊባር ነው)። 60 ባር ከነበረ 3,000 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። 20 ሚሊባር ደግሞ ውሃን በቱቦ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ የሚያደርግ ግፊት ነው። የቤት ምድጃ የተሠራው ለዚያ ነው።

ብዙ ቤት ላይ የመጨረሻውን ቅነሳ የሚሠራው ሬጉሌተሯ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ያለችው ክብ ሰሃን የምትመስል ዕቃ ናት። ውስጧ የጎማ ሽፋን አለ። ከታች ጋዙ ይገፋዋል፣ ከላይ ስፕሪንግ ይጫነዋል። ጎማው ከፍ ዝቅ ሲል መግቢያውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ለመንቀሳቀስ ግን ከላይ ያለው አየር ወጥቶ መግባት አለበት፣ ትንሿ ቀዳዳ የተበጀችው ለዚያ ነው። አንድ ቤት "ዝናብ እንዳይገባ" ተብሎ በፕላስተር ተጠቅልላ አገኘኋት። ሌላ ቦታ ግድግዳ ሲቀባ አብራ በቀለም ተደፍናለች። ነፍሳትም ቤት ይሠሩባታል። ስትደፈን ጎማው እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፤ ወይ ጋዝ ያንሳችኋል፣ ወይ ግፊቱ ከልክ በላይ ወደ ቤት ይገባል። ሰባ ጊዜ ተናግሬአለሁ፣ አሁንም እናገራለሁ፦ አትንኳት። ከተደፈነችም ራሳችሁ በመርፌ አትጎርጉሩ፣ ጥሩን።

ለሙያተኞች፦ መለኪያው የትኛውን ቧንቧ ነው የሚያየው?

እ.ኤ.አ. መስከረም 2018 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ሜሪማክ ቫሊ ውስጥ አሮጌ የብረት መስመር በፕላስቲክ እየተተካ ነበር። ግፊቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ግን አሁንም ግፊት የሚያነበው በመለኪያ ቱቦ ከአሮጌው ቧንቧ ነበር። አሮጌው ሲዘጋ ግፊቱ ወረደ። ሬጉሌተሩ ጋዝ አነሰ ብሎ ከፈተ፣ አሁንም ሲወርድበት የባሰ ከፈተ። ያ ሁሉ ግፊት ወደ ቤቶች ሄደ። አንድ ወጣት ሞተ፣ ከ100 በላይ ቤቶችና ሕንፃዎች ተቃጠሉ ወይም ተጎዱ። ሬጉሌተሩ አልተበላሸም፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። ልጆች፣ መስመር ከመዝጋታችሁ በፊት የመለኪያውን ቱቦ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ እስከ ጫፉ ተከተሉት። ወረቀት ላይ አይታችሁ አትለፉ።

አጫጭሮቹ

የሲሊንደር ምድጃ ማፍያው (ጋዙ ወደ ነበልባሉ የሚወጣባት ትንሽ ቀዳዳ) ሳይቀየር ከቧንቧ ጋዝ ጋር አይገጠምም። ነበልባሉ ደካማ ይሆናል፤ በተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ ይበዛል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ጥቀርሻና የሚገድለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመጣል።

ፍሳሽ በሳሙና አረፋ ይፈለጋል። በክብሪት ያየሁትን ሰው እዚህ አልጽፈውም።

የጋዝ ቧንቧ የኤሌክትሪክ ምድር ማስያዣ አይደለም።

የዘጋነውን ቫልቭ ራሳችሁ አትክፈቱ። መያዣው ከቧንቧው ጋር ተሻግሮ ከቆመ ዝግ ነው፣ ያንን ማወቅ ጥሩ ነው፣ በአደጋ ጊዜ ዝጉት። መክፈቱ ግን የኛ ነው። መስመሩ ሲዘጋ እየነደደ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ አንዱ ቤት ምድጃ፣ ሌላው ቤት ውሃ ማሞቂያ። አሮጌ ዕቃ ላይ ጋዙ ሲመለስ ያለ እሳት ዝም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን በር እያንኳኳን አየሩን አስወጥተን፣ አንድ በአንድ አብርተን ነው የምንመልሰው። ቤቱ ውስጥ ሰው ከሌለ እዚያ ቤት ዘግተን እናልፍና ማታ እንመለሳለን።